ጃርላት ኪቬኒ የማይመርጥበት ቀን

የእሑዱ ቅዳሴ አብቅቶ ሕዝቡ ከቤተክርስቲያኑ ዋና በር ፊት ለፊት ተሰብስቦ ነበር። አትራክታ ፊሪክ የግቢው የድንጋይ አጥር ላይ ወጥታ ስለ መንገድና ስለ ሆስፒታል ትናገራለች። ለፓርላማ ስትወዳደር የመጀመሪያዋ ነው። በካሮውቤግ መንደር ምርጫ ሲደርስ አጥሩ ላይ ያልወጣ እጩ ሰው አይቆጥረውም፤ ስለዚህ ቢዘንብም ይወጣሉ፣ ሕዝቡም ቢዘንብም ቆሞ ይሰማል።

ይህን የሚጽፈው ሰው ለእናቱ ሻማ ሊያበራ ወደ ኋላ ቀርቶ ስለ ነበር የወጣው በጎን በር ነው። እዚያ፣ ሰው በማያይበት በኩል፣ አንድ ሽማግሌ እርጥብ ድንጋይ ላይ ተንበርክኮ የሌላ ሽማግሌ ጫማ ሲያስር አየ። ጫማው የሚታሰርለት ሰውዬ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ነገሩ እሱን የማይመለከተው ይመስል፣ ሰማይ ሰማዩን ያያል።

«በጣም አታጥብቀው» አለ የቆመው።

«ዝም ብለህ ቁም። ወድቀህ ዳሌህ ቢሰበር ማን ሊያስታምምህ ነው?»

«አንተ ነሃ።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ።»

ተንበርክኮ የነበረው ጃርላት ኪቬኒ ነው። የቆመው ጎረቤቱ ማላኪ ቶርፒ። ሁለቱም ሰባውን ካጋመሱ ቆይተዋል። ጃርላት ግድግዳውን ይዞ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ጉልበቱን አራገፈ፤ ከዚያ ምንም እንዳልተደረገ ሁለቱም ንግግሩን ለመስማት ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ይህን የሚጽፈው ሰው አምላኩን ብዙ ጊዜ የሚያመሰግነው እንዲህ ላለ ትንሽ ነገር ነው። የእነዚህን ሁለት ሰዎች ነገር ለመጻፍ ያሰበውም ያን ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም አካባቢው ሁሉ የሚያውቃቸው በሌላ ነገር ነው። ሃምሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ለቀረው ጊዜ፣ ሁለቱም በአንድም የፓርላማ ምርጫ ድምፅ ሰጥተው አያውቁም። ስንፍና ይዟቸው አይደለም። ቃል ተገባብተው ነው።

ጃርላት የተወለደው ዛሬም በሚኖርበት ቤት ውስጥ ነው። የማላኪ ቤት ከዚያው ጠባብ መንገድ ማዶ ነው፤ ጃርላት በሩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው የማላኪን በር ነው። በዚያ አገር ሰው ወገኑን አይመርጥም፣ ይወለድበታል። እ.ኤ.አ. በ1921 መጨረሻ ከእንግሊዝ ጋር ውል ሲፈረም ገሚሱ ተቀበለ፣ ገሚሱ እምቢ አለ፤ ትናንት አብረው የተዋጉ ሰዎች እርስ በርሳቸው ተታኮሱ። ጠመንጃው ሲቀመጥ ሁለቱ ወገን ሁለት ፓርቲ ሆኖ ቀረ። ፓርቲዎቹ የራሳቸው ስም አላቸው፤ በካሮውቤግ ግን እስከ ዛሬ ውሎችና እምቢታዎች ነው የሚባሉት።

የኪቬኒ ቤት እምቢታ ነው። የጃርላት አጎት በዚያ ጦርነት ታስሮ ሳንባውን ታሞ ነው የሞተው። የቶርፒ ቤት ውል ነው። የማላኪ አጎት የአዲሱን መንግሥት መለዮ ለብሶ ድልድይ ሲጠብቅ ተገደለ። አባቶቻቸው ፈረስ ይዋዋሱ ነበር፤ ላም መውለድ ሲያስቸግራት አንዱ ለአንዱ ይደርሳል፤ የምርጫ ሰሞን ግን ሰላምታ አልነበረም። ምርጫው አልፎ ሳምንት ሲሞላ አንዱ እንደ አጋጣሚ ስለ አየሩ አንድ ነገር ይናገራል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ሰላም ይወርዳል።

የምርጫ ክልሉ ምዕራብ ብራናግ ይባል ነበር። አራት ወንበር ነበረው። ሁለቱን እምቢታዎች ይወስዳሉ፣ አንዱን ውሎች ይወስዳሉ፤ አራተኛው ተንከራታች ነው፤ ሰው የሚጣላውም በእሱ ነው። የቀሩት ሦስቱ እንደ መሬት የሚወረሱ ነበሩ። የእምቢታዎቹ ተመራጭ የነበረው ሐኪም ሲሞት ልጁ በቦታው ተወዳደረ፤ ልጁ ሲሞት ምራቱ ተወዳደረች። የውሎቹ ጠበቃ ሲሞት መበለቲቱ ሐዘኗን ሳታወጣ ተመረጠች፤ ሃያ ዓመት ፓርላማ ተቀምጣ ሁለት ጊዜ ተናገረች ይባላል፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ድልድይ። ድልድዩ ግን ተሠርቷል።

ያ ቃል የተገባው ጃርላት ገና ሁለተኛ ድምፁን ሊሰጥ በሚሄድበት ዓመት ነው። ሰኔ ነበር። የታጨደው ድርቆሽ ሳምንት ሙሉ ዝናብ ሲወርድበት ሰንብቶ በምርጫው ቀን ጠዋት ሰማዩ ጠራ። ጃርላት ተላጭቶ፣ የቤተክርስቲያን ሱፉን ለብሶ፣ ብስክሌቱን ከጋጣው አወጣ። ማዶ ማላኪም ተላጭቶ ሱፉን ለብሶ ብስክሌቱን እየገፋ ወጣ። ተያይተው ዘወር አሉ። የጃርላት ሚስት ደልያ መንሽ ይዛ መሐል መንገድ ላይ ቆመች።

«ወዴት ነው?» አለችው ባሏን።

«ድምፅ ልሰጥ ነዋ።»

«ለማን?»

«ለማን ልሰጥ ኖሯል? ለእምቢታ ነዋ።»

ዞረች። «አንተስ ማላኪ?»

«እኔማ ለውል ነው።»

«ስለዚህ እናንተ ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ በዚህ ፀሐይ፣ እስከ ትምህርት ቤቱ በብስክሌት ሄዳችሁ፣ ድምፃችሁን እዚያ አጠፋፍታችሁ ልትመለሱ ነው። ቀርታችሁ ቢሆንስ ውጤቱ ምን ይለወጣል?»

ሁለቱም አሰቡ። ማላኪ ብስክሌቱን አጥሩ ላይ አስደገፈው።

«ድርቆሹን ግን ማንም አያጠፋፋውም» አለች ደልያ። «ግቡና ልብሳችሁን ቀይሩ። የእኛን እስከ ምሳ፣ የማላኪን ከምሳ በኋላ።»

ልብሳቸውን ቀየሩ።

አንድ ችግር ግን ነበር። ጃርላት ማላኪን ያምነዋል፤ የውል ሰው ግን አያምንም። ማላኪም እንደዚያው። አንዱ ውኃ ልጠጣ ብሎ ቢሰወር ሌላው መንሹን ጥሎ አንገቱን ያሰግጋል። ስለዚህ ተስማሙ፤ የምርጫ ጣቢያው እስኪዘጋ አንዱ ከሌላው ዓይን አይጠፋም። ያን ቀን አብረው ሠሩ፣ አብረው በሉ፣ አንዱ ሽንት ቤት ሲሄድ ሌላው በሩ ላይ ቆመ። ደልያ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ ምርጫ በመጣ ቁጥር እንደዚያው ሆነ። በጋ ከሆነ ድርቆሽ ላይ ወይም ረግረጉ ላይ ማገዶ የሚሆነውን አፈር ሲቆርጡ ይውላሉ። ሥራ ከሌለ የማላኪን ጀልባ ይዘው ሐይቁ ላይ ዓሣ ያጠምዳሉ። ክረምት ከሆነ የጃርላት ምድጃ አጠገብ ካርታ ይጫወታሉ፤ ደልያ የአሳማ ሥጋ በጎመን ትቀቅላለች። አንድ ሰሞን መንግሥት መቆም አቅቶት በዓመት ተኩል ውስጥ ሦስት ጊዜ ምርጫ ተጠራ። አገሩ ሁሉ ሲማረር ደልያ ብቻ «እሰይ፣ ይውደቅ። እነዚህ ሁለቱ እንደዚህ ሰሞን ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም» ትል ነበር።

በዚያ አካባቢ፣ ማንም እንደሚያውቀው፣ ወንድ ልጅ ያለ ጉዳይ ጎረቤቱ ቤት ገብቶ አይቀመጥም። ላም ጠፍታ ይገባል፤ ዕቃ ሊዋስ ይገባል፤ ለቅሶ ይገባል። ከበር ላይ ይነጋገራል፣ በአጥር ላይ ተደግፎ ይነጋገራል፤ ኮፍያውን አውልቆ፣ ወንበር ስቦ፣ ከጠዋት እስከ ማታ መዋል ግን የለም። ጃርላትና ማላኪ ያ ቀን ነበራቸው። ምክንያት አላቸው፤ እየተጠባበቁ ነው።

ወገኖቻቸው ዝም ብለው አላዩዋቸውም። አንድ ጊዜ የእምቢታዎቹ ሰው መኪናውን ረግረጉ ዳር አቁሞ ጃርላትን በጥቅሻ ጠራው። ማላኪ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ አፈር ይቆርጣል፤ አይታይም።

«አሥር ደቂቃ አይፈጅም» አለው ሰውዬው። «ደርሰህ ትመለሳለህ። የት ያውቃል?»

«እሱማ አያውቅም» አለ ጃርላት።

«ታዲያ?»

«እኔ አውቃለሁ። ደግሞ ሻይ ሊፈላ ነው።»

በቆጠራው ቀን የየወገኑ ሰዎች ከመከለያው ጀርባ ቆመው፣ ኮሮጆው ተዘርግፎ ወረቀቱ ሲገላበጥ፣ እርሳስ ይዘው በዓይናቸው ይቆጥራሉ። እነዚህ ሰዎች የትኛው ቤት ለማን እንደሰጠ ሳይነገራቸው ያውቃሉ። የካሮውቤግ ኮሮጆ ሲከፈት «ሁለቱ ዛሬም ድርቆሽ ላይ ናቸው» ይባባላሉ። ቀልድ ሆኖ ቀርቷል።

ቀልድ ያልሆነበት አንድ ጊዜ ነበር። የካሮውቤግ ተወላጅ የሆነ ኮልማን የሚባል የወተት መሰብሰቢያው ኃላፊ ከእምቢታዎች በኩል ተወዳድሮ፣ ያን ተንከራታች ወንበር በጥቂት ድምፅ አጣ። ሰው ፊቱን ያጠቆረው በጃርላት ላይ ነው። መጠጥ ቤት ሲገባ ወሬ ይቆማል። አንዱማ «ወንበራችንን ድርቆሽ አበላኸው» ብሎታል። ጃርላት ብርጭቆውን ጨርሶ ወጣ፤ ነገሩ ግን ሆዱ ውስጥ ቀረ። በሚቀጥለው ምርጫ ቀን ሐይቁ ላይ ጀልባ ውስጥ ሳሉ አነሣው።

«ያን ጊዜ ሄደን ቢሆን ኖሮ ለውጥ አልነበረውም፣ አይደል? ይጠፋፋ ነበር።»

ማላኪ መንጠቆውን ስቦ አየው፤ መልሶ ጣለው። 

«የሚጠፋፋው አንደኛው ነው» አለ በመጨረሻ። እዚያ አገር መራጭ የሚያደርገው አንድ ምልክት ብቻ አይደለም፤ ለሚወደው አንድ፣ ለሚቀጥለው ሁለት፣ እያለ ቁጥር ይጽፋል፤ አንደኛው ሰው ከወደቀ ድምፁ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። «እኔ ሁለተኛዬን ለኮልማን ልሰጠው ነበር። የመንደራችን ልጅ ነዋ።»

ጃርላት መቅዘፊያውን አስቀመጠ። «አንተ? ለእምቢታ ሰው?»

«ለመንደሬ ልጅ። የእኔ ሰው ደግሞ እንደሚወድቅ አውቅ ነበር። ለኮልማን ይደርሰው ነበር። አንተስ አንደኛህን ትሰጠው አልነበር?»

ጃርላት ወደ ውኃው አየ።

«አልሰጠውም» አለ። «ወተቴን ሲመዝን ጣቱን ሚዛኑ ላይ ያሳርፍ ነበር። ለሐኪሙ ልጅ ነበር የምሰጠው። ኮልማንን መጨረሻ ነበር የማደርገው።»

ጀልባው እስኪወዛወዝ ሳቁ። ዓሣ ሁሉ ሸሸ። ያን ቀን ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ደልያ ለምን እንደሚስቁ ብትጠይቅ ሁለቱም አልነገሯትም።

ደልያ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ነፍሷን ይማር። ልጆቻቸው በየአገሩ ናቸው፤ እሑድ እሑድ ይደውላሉ። ማላኪ አላገባም። ከደልያ ሞት በኋላ በመጣው ምርጫ ጃርላት ምን እንደሚቀቅል ጨንቆት ሳለ፣ ማላኪ ጠዋት ሥጋና ጎመን የቀቀለበትን ድስት በሁለት እጁ አቅፎ፣ በፎጣ ሸፍኖ፣ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ስሟን ሳይጠሩ ስለ ደልያ ብዙ ተጨዋወቱ። ጃርላት ያን ቀን እንዴት እንዳለፈው ሲያስብ ዛሬም ይገርመዋል።

አሁን ወደዚህ ዓመት እንምጣ። ወጣቱ ሁሉ ወደ ከተማና ወደ ባሕር ማዶ ስለ ሄደ የብራናግ ሕዝብ አንሷል፤ ሕዝብ ካነሰ ወንበር ይቀነሳል። ደብሊን የተቀመጡ ሰዎች ካርታ ዘርግተው መስመር አሰመሩ። ምዕራብ ብራናግ ለሁለት ተከፈለ፤ ምሥራቁ ወገን ብራናግ ተብሎ ቀረ፣ ምዕራቡ ከጎረቤት አውራጃ ከኮራሊ ጋር ተደባለቀ። መስመሩ የሚያልፈው በጃርላትና በማላኪ ቤት መካከል፣ በዚያችው ጠባብ መንገድ ላይ ነው።

ወሬውን ከሰሙ ቆይተው ነበር። ያመኑት ግን የእጩዎቹ ፖስተር ሲሰቀል ነው። በጃርላት በኩል ባሉት ምሰሶዎች ላይ የሚያውቋቸው ፊቶች ተሰቀሉ። በማላኪ በኩል ባሉት ላይ አንድም የሚያውቁት ሰው የለም።

«ይኼኛው ማን ነው?» አለ ማላኪ፣ ደጁ ላይ የተሰቀለውን ሰው ሽቅብ እያየ።

«የኮራሊ ሰው ነው። ስሙ ተጽፎልሃል።»

«ጥርሱ በዝቷል። በእግር ኳስ አንድ ቀን እንኳ ሳይራሩልን፣ አሁን ደግሞ ልምረጣቸው?»

አጥሩ ላይ ከተናገረችበት እሑድ በኋላ ባለው ማክሰኞ አትራክታ ፊሪክ ቤት ለቤት እየዞረች ካሮውቤግ ደረሰች። አትራክታ ውል ናት፤ አባቷም ውል፣ አያቷም ውል። የውል እጩ ሲመጣ መጀመሪያ የሚገባው ቶርፒ ቤት ነው፤ ድምፅ ባይኖርም ወግ ነው፣ ሻይ ይጠጣል። ማላኪ ከሩቅ አይቷት ኮፍያውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ። እሷ ግን እጇን አንሥታ ሰላም ብላው በጃርላት በር በኩል ታጠፈች።

«አንቺ የፊሪክ ልጅ» አለ ማላኪ፣ «በሩ ጠፋሽ?»

አትራክታ መንገዱ መሐል ቆመች። ጨነቃት። «አቶ ማላኪ፣ ይቅርታዎን። እርስዎ እኮ አሁን የእኛ አይደሉም።»

«የማን ነኝ?»

«የኮራሊ ነዎት። መስመሩ እኮ እዚህ ጋ ነው የሚያልፈው» አለች፣ የቆመችበትን አስፋልት በጫማዋ እየነካች።

«ይህ ቤት ውሉ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ የእናንተ ነው።»

«አውቃለሁ። ግን እርስዎ መርጠውን አያውቁም።»

«ባልመርጥም የእናንተ ነኝ» አለ ማላኪ። ኮፍያውን መልሶ አደረገና ገባ።

ጃርላት ይህን ሁሉ ከበሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። አትራክታ ፊቷ እንደ ቀላ ወደ እሱ መጣች።

«ምን ማድረግ ነበረብኝ፣ አቶ ጃርላት?»

«ገብተሽ ሻዩን ትጠጭ ነበራ። እኔ እምቢታ ነኝ፤ እኔጋ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ሁለተኛዎን እንኳ ቢሰጡኝ ብዬ ነው።»

«እኔ ድምፅ የለኝም ልጄ። የእኛን ነገር ታውቂው የለ?»

«አሁንማ አለዎት» አለች አትራክታ። «የአቶ ማላኪ ድምፅ ኮራሊ ሄዷል። የእርስዎን ማንም አያጠፋውም።»

ሄደች። ወጣ ስትል መንገዱን ተሻግራ የማላኪን በር አንኳኳች፤ ይህ ለእሷ ይጻፍላት። ጃርላት ግን አላያትም። የተናገረችው ነገር ጆሮው ላይ ቀርቶ ነበር። የእሱን ማንም አያጠፋውም። የማላኪንም ማንም አያጠፋውም። እንግዲህ መጠባበቅ የለም። መጠባበቅ ከሌለ ምክንያት የለም። ምክንያት ከሌለ በሚቀጥለው ሳምንት አርብ፣ በምርጫው ቀን ጠዋት፣ ሁለቱም እንደማንኛውም ቀን በየበራቸው ይቆማሉ፤ ስለ አየሩ ይነጋገራሉ፤ ይገባሉ።

ለራሱ ሞኝነት ነው አለ። ሰባ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው ስለ አንድ ቀን አይጨነቅም አለ። መቁጠሪያውን ይዞ ሲጸልይ ግን ሐሳቡ እየዞረ እዚያው ያርፋል። ሐሙስ ጠዋት በሩን ሲከፍት የማላኪ ሱፍ ገመድ ላይ ተሰጥቶ አየ። በዝናባማው የካቲት ወር ሱፍ ማን ያሰጣል? ጃርላት ቆሞ ሱፉን ሲያይ ሻዩ ቀዘቀዘ።

እስከ ቀትር ታገሠ። ከዚያ ማዶ ለመሻገር ምክንያት ሲፈልግ ጋጣው ውስጥ መጋዝ አገኘ።

«መጋዝህን መለስኩልህ» አለ፣ ማላኪ ሲከፍትለት።

ማላኪ መጋዙን አገላብጦ አየው። «የእኔ አይደለም። ያንተ ነው።»

«እንግዲያው ተዋሰኝ።»

«እሺ። ግባ።»

ገባ። መጋዙ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ማላኪ በትሩን ተደግፎ ሻይ ጣደ፤ ጃርላት ቡናማውን ዳቦ ቆረሰ።

«ሱፍህን አስጥተኸዋል።»

«አየር ይምታው ብዬ ነው።»

«የሞተ ሰው አለ?»

«እኔ የሰማሁት የለም።»

«ሠርግ ይሆን?»

«በዐቢይ ጾም?»

 ማንቆርቆሪያው ማፏጨት ጀመረ፤ ማላኪ ሻዩን ቀዳ።

«ልትመርጥ ነው» አለ ጃርላት።

«አላልኩም።»

«ሱፉ ብሏል።»

ማላኪ ተቀመጠ። «እሺ፣ ልመርጥ አስቤያለሁ። ጃርላት፣ እስከ ዛሬ ቤት ስቀር አንድ ነገር እያደረግኩ ነበር። ያንተን እያጠፋሁ፣ አንተም የእኔን እያጠፋህ። ቁም ነገር ነበረው። አሁን ብቀር ማንን አጠፋለሁ? ቤቱ የቀረ አንድ ሽማግሌ ነኝ፣ በቃ። ደግሞ ሳይጠይቁኝ ነው ያሻገሩኝ። የተሻገረው በግ አለመሆኑን ይወቁት።»

«ልክ ነህ» አለ ጃርላት።

«አንተስ?»

«እኔም ልሄድ እችላለሁ።»

«ሂዳ።»

«ልሄድ እችላለሁ አልኩህ እኮ።» ጃርላት ዳቦውን ቆርሶ ሳይበላ አስቀመጠው። «ታዲያ ቀኑስ?»

«ቀኑ ምን ሆነ?»

«ቀኑን ነው የምልህ። ውሎውን።»

 የማላኪ ዓይን ደክሟል፤ ሰው ሲያይ ጎንበስ ብሎ ነው፤ ጃርላትን እንደዚያ ጎንበስ ብሎ አየው።

«አንተ ሰው» አለ፣ «ይህን ሁሉ ዓመት ድምፅህን ስጠብቅ የኖርኩ ይመስልሃል?»

«ቃላችን እሱ ነበር።»

«እኔ ሁለተኛው ምርጫ ላይ ነው መጠበቅ ያቆምኩት። ከዚያ ወዲህ ብስክሌትህን ይዘህ ብትሄድም ዞር ብዬ አላይህም ነበር። ጀልባው ውስጥ ስንት ጊዜ እንቅልፍ ወስዶኝ አይተኸኛል?»

ጃርላት ሻዩን አማሰለ። ስኳር አላደረገበትም ነበር።

«እኔ ግን እስከ አራተኛው ጠብቄሃለሁ» አለ።

«እምቢታ ነሃ። ምን ይደረግ?»

ጃርላት ሳቁ አመለጠው፤ ከሳቁ በኋላ መሐረብ አውጥቶ አፍንጫውን ረዘም አድርጎ ጠረገ። ማላኪ ያን ጊዜ ማንቆርቆሪያውን ሊያነሣ ዘወር አለለት።

«የምርጫ ጣቢያው ከጠዋት እስከ ማታ ነው ክፍት የሚሆነው» አለ ማላኪ ጀርባውን እንደ ሰጠ። «ቁጥር መጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? የቀረውን ቀን ምን ልናደርገው ነው? ከውሻዬ ጋር ቁጭ ልበል?»

«አርብ ነው። ጾም ነው፤ ሥጋ የለም።»

«ዓሣ ግዛ።»

እንዲህ ሆኖ ተወሰነ። የቀረው መሄጃው ነበር። የማላኪ ምርጫ ጣቢያ በስተ ምዕራብ ኮራሊ ውስጥ ያለ ማንም የማያውቀው ትምህርት ቤት ነው፤ የጃርላት እዚሁ የተማሩበት ነው። ጃርላት መንዳት ከተወ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ፓርቲዎቹ በምርጫ ቀን ለሽማግሌ መኪና ይልካሉ፤ ግን የብራናግ መኪና ኮራሊ አይሻገርም፣ የኮራሊውም እዚህ አይመጣም። በዚያ ላይ ጃርላት በውል መኪና ከሚሄድ በእግሩ ይሄዳል፤ ማላኪም በእምቢታ መኪና ከሚገባ ቤቱ ይቀራል። ተለያይተው ይሂዱ እንዳይባል ደግሞ ነገሩ ሁሉ የተደረገው ላለመለያየት ነው።

በሦስተኛው ቀን እሑድ ነበር። ቅዳሴው አብቅቶ ይህን የሚጽፈው ሰው የመዝሙር መጻሕፍቱን ሲሰበስብ ጃርላት ከኋላ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር። ከላይ የተጻፈውን አብዛኛውን የነገረው ያን ጊዜ ነው፤ ሳይቸኩል፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ማላኪ ውጭ ፀሐይ እየሞቀ ነበር።

«መኪናህ ያቺው ናት?» አለ ጃርላት፣ ነግሮ ሲጨርስ።

«ያቺው ናት።»

«የማንንም ፓርቲ ወረቀት አልለጠፍክባትም?»

«የቅድስት ብሪጅት ምስል ብቻ ነው ያለው።»

«እሷ ለማንም አትወዳደርም። ጥሩ ነው።» ኮፍያውን አንድ ጊዜ አዞረ። «እንግዲህ አንድ ነገር ላስቸግርህ ነው፣ ልጄ። አርብ ጠዋት ሁለታችንን በአንድ ላይ ትወስደናለህ። መጀመሪያ ወደ እሱ፣ ወደ ኮራሊ፤ እሱ መንገዱ ይከብደዋልና ከፊት ይቀመጣል። እኔ መኪናው ውስጥ እጠብቀዋለሁ። ከዚያ ወደ እኔ ትምህርት ቤት፤ እሱ ይጠብቀኛል። ማንን መረጣችሁ ብለህ ግን አትጠይቀን፤ እኛም አንጠያየቅም። ከዚያ ቤት አድርሰኸን፣ ከፈለግህ ከእኛ ጋር ዓሣ ትበላለህ፤ ሥራ ካለህ ትሄዳለህ፣ አንቀየምም። ታደርግልናለህ ወይ?»